ታሪኩን ሳትቆራርጡ አስነብቧቸው

ይድረስ፦ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ለምታስተባብሩ ወገኖቼ፣ እንዲሁም የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ላሏችሁ እናቶችና አባቶች

ጤና ይስጥልኝ፤

ኦክቶበር ሲመጣ የልጆቻችን ቦርሳ ውስጥ አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ ይገባል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ብዙ ጊዜ «ዘ ቴል-ቴል ሃርት» ነው። ዘጠነኛ ላይ «ዘ ካስክ ኦፍ አሞንቲላዶ» ወይም የሪቻርድ ኮኔል «ዘ ሞስት ዴንጀረስ ጌም» ይመጣል። ከፍ ሲሉ ደግሞ የሸርሊ ጃክሰን «ዘ ሎተሪ» እና የሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን «ዘ የሎው ዎልፔፐር» ይከተላሉ። ጎቲክ የሚባሉትና የእነሱ ዘመዶች የሆኑ ልብ አንጠልጣይ ታሪኮች ናቸው። ያረጀ ቤት አለባቸው፣ የተደበቀ ኃጢአት አለባቸው፣ ሰውን ከውስጥ የሚበላ ፍርሃት አለባቸው። ሁሉም አጫጭር ናቸው።

እኔ እነዚህን ታሪኮች እወዳቸዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር የምቀመጥበት ግማሹ ምክንያት እነሱ ናቸው። ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመለመን ነው። ልጆቹ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቁጭ እንዳሉ፣ ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። መልመጃው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን እየሆነ ያለው ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይዛ የመጣችውን ወረቀት ልንገራችሁ። ገጹ በአራት ሳጥን ተከፍሏል። አንዱ መቼት (ታሪኩ የት እና መቼ እንደሆነ) ይላል፣ ሁለተኛው ድባብ፣ ሦስተኛው ንግር (ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ)፣ አራተኛው የማይታመን ተራኪ። ከላይ ከፖ ታሪክ የተቀነጨቡ ጥቂት መስመሮች አሉ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ሁሉንም ሞልታዋለች። መልሷም ልክ ነው። «ሰውየው በመጨረሻ እንዴት ተያዘ?» ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ተያዘ እንዴ?» አለችኝ።

መምህሯን አልወቅስም። የእንግሊዝኛ መምህራን በቀን ስንት ክፍል እንደሚገቡና የፈተናው ነገር እንዴት እንደሚያስጨንቃቸው ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ፈተናው የሚመጣው በአጫጭር ምንባብ ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱም ቁርጥራጭ ሆነ። የእኛ ቅዳሜ ግን ደወል የለበትም። ፈተናም የለበትም። ልጆቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከእኛ ጋር ናቸው። ያንን ጊዜ ሳጥን በመሙላት የምንጨርስበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ደግሞ ፖ ራሱ ብሎታል። በ1842 የናትናኤል ሆቶርንን የአጫጭር ታሪኮች መድበል በአንድ መጽሔት ላይ ሲገመግም፣ አጭር ታሪክ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ተነቦ ማለቅ አለበት አለ። አንባቢው መሃል ላይ ተነስቶ ወደ ጉዳዩ ከሄደ ታሪኩ የያዘው ኃይል ይበተናል። ደራሲው አስቀድሞ አንባቢው ላይ ሊያሳድር የሚፈልገውን አንድ ስሜት ይመርጣል። ከዚያ እያንዳንዱን ክስተት ለዚያ ስሜት ያሰልፋል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንኳ ለዚያ ካልሠራ፣ ደራሲው ገና ከመነሻው ወድቋል ይላል ፖ። ይህን ከጻፈ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 1843፣ «ዘ ቴል-ቴል ሃርት» ታተመ። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሃያ ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ነው። ይህቺን ሃያ ደቂቃ ለአራትና ለአምስት ቀን መሸንሸን ደራሲው በግልጽ ያስጠነቀቀውን ነገር ማድረግ ነው።

እስቲ ታሪኩን ጠጋ ብለን እንየው። ተራኪው ስም የለውም። አብሮት ከሚኖረው ሽማግሌ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አይነግረንም። ልጁ ይሁን አገልጋዩ አናውቅም። ሽማግሌውን እወደዋለሁ ይላል። ገንዘቡንም አልፈለገም። የጠላው አንድ ዓይኑን ነው፤ የጥንብ አንሳ ዓይን የመሰለ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ሞራ የለበሰ ዓይን። ሰባት ሌሊት በተከታታይ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ የመኝታ ቤቱን በር ቀስ አድርጎ ይከፍታል። የተሸፈነ ፋኖስ ያስገባና አንዲት ቀጭን ጨረር ዓይኑ ላይ እንድታርፍ ያደርጋል። ዓይኑ ግን ሁሌም ተከድኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ተመልሶ ይሄዳል። በስምንተኛው ሌሊት ጣቱ ፋኖሱ ላይ ያመልጠዋል። ሽማግሌው «ማነው?» ብሎ ብድግ ይላል። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሁለቱም ንቅንቅ አይሉም። አንዱ ጨለማ ውስጥ ቆሟል፣ ሌላው ጨለማ ውስጥ አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል።

ያ አንድ ሰዓት ለብቻው ተቀንጭቦ ቢሰጥ ምንም አይደለም። የሚያስጨንቀው ከሰባቱ ሌሊት በኋላ ስለመጣ ነው። ልጁ ሰባቱን ሌሊት አብሮ ካልጠበቀ በስምንተኛው ሌሊት ምን ይሰማዋል?

ቀጥሎ ድምፁ አለ፤ በጥጥ የተጠቀለለ ሰዓት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። መጀመሪያ የሚሰማው ሽማግሌው በሕይወት እያለ ነው። ግድያው ተፈጽሞ፣ ሬሳው ከወለሉ ሳንቃ ሥር ከተደበቀ በኋላ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ሦስት ፖሊሶች ይመጣሉ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ነው። ሰውየው ዘና ብሎ ቤቱን ያስጎበኛቸዋል። ጭራሽ ወንበሩን አምጥቶ ሬሳው ያለበት ሳንቃ ላይ ቁጭ ይላል። ያኔ ድምፁ ይመለሳል። ዓረፍተ ነገሮቹ እያጠሩ ይሄዳሉ። አንዱ ቃል ይደጋገማል። ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ልጅ ሳያውቀው መፍጠን ይጀምራል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል። የሚያስሮጠው ጽሑፉ ራሱ ነው። በዚያች ደቂቃ ጠረጴዛው ዙሪያ ስልኩን የሚነካ ልጅ አይቼ አላውቅም።

ሲያበቃ «ይሄን ሰው ታምኑታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሳጥን አያስፈልግም። ይጨቃጨቃሉ። አንዱ የራሱ ልብ ነው የሚመታው ይላል። ሌላዋ ፖሊሶቹ ገና ሲገቡ ነቅተውበታል ትላለች። ሦስተኛው «ቆይ፣ ይሄን ሁሉ የሚያወራው ለማን ነው? እስር ቤት ሆኖ ነው?» ይላል። ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ማንም ጎልማሳ አንባቢ የሚኮራበት ጥያቄ ነው። ቁራጭ ወረቀት ላይ ግን አይመጣም። ታሪኩ መጀመሪያ ላይ ሰውየው የሆነ አድማጭ እያናገረ መሆኑን መጨረሻው ላይ የሚያስታውሰው ሁለቱንም ያነበበ ልጅ ብቻ ነው።

ንግርም እንዲሁ ነው። «ዘ ካስክ ኦፍ አሞንቲላዶ» ውስጥ ሞንትሬሶር ጓደኛ መስሎ ፎርቱናቶን የቤተሰቡ መቃብር ወዳለበት ምድር ቤት ይዞት ይወርዳል። እርጥበቱ ያስለዋል። ፎርቱናቶ «ይሄ ሳል አይገድለኝም» ይላል። ሞንትሬሶር «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ብሎ ይመልስለታል። መጀመሪያ ሲነበብ ተራ ወሬ ነው። ሰውየው በቁሙ በግንብ ሲዘጋበት አይቶ ወደዚያች መስመር የተመለሰ ልጅ ግን ይሰቀጥጠዋል። ንግር ምን እንደሆነ ያኔ ገባው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ትርጉሙን መሸምደድ ለፈተናው ይጠቅም ይሆናል፣ ለልጁ ግን ምንም አይጨምርለትም።

በዚሁ አንድ ነገር ልጨምር። ማጠቃለያ ቪዲዮ አታስቀድሙባቸው። በተለይ የአምብሮዝ ቢርስን የድልድዩን ታሪክ፣ «አን ኦከረንስ አት አውል ክሪክ ብሪጅ»ን። ቢርስ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በሰሜኑ ወገን ተሰልፎ የተዋጋ ሰው ነው። በ1890 ያወጣው ይህ ታሪክ የሚንጠለጠለው መጨረሻው ላይ ነው። ማጠቃለያውን አይቶ የመጣ ልጅ ያንን ድንጋጤ ዳግም አያገኘውም። እኔም እዚህ አልነግራችሁም።

አሁን ወደ ወላጆች ልምጣ። ከእናንተ የምሰማው ቅሬታ ሌላ ነው። «ይሄ የጋኔን ነገር ነው፤ ልጄ ሌሊት ይባንንብኛል» ትላላችሁ። ቅሬታችሁን አልንቀውም። ለታናናሾቹ አይነበብ፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን «ዘ ቴል-ቴል ሃርት» ውስጥ ጋኔን የለም። መንፈስም አይታይበትም። ቃየን አቤልን ከገደለ በኋላ እግዚአብሔር የሚናገረውን፣ የወንድምህ ደም ከምድር ወደ እኔ ይጮኻል የሚለውን፣ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግነው ነው። ፖ ያንኑ ጩኸት ከወለል ሳንቃ ሥር አድርጎታል። ደም ገዳዩን አያስተኛውም ብላችሁ ለልጃችሁ ስትነግሩት የኖራችሁ ሰዎች ናችሁ። ይህን ታሪክ ከእሱ ጋር ለማውራት ከእናንተ የቀረበ ሰው አላውቅም።

በርግጥ ልጆቹን ብቻቸውን ባንተዋቸው የምመርጥበትም ቦታ አለ። በ1924 የወጣው የኮኔል ታሪክ አንዱ ነው። ጀኔራል ዛሮፍ የሚባል ሰው በደሴቱ ላይ ሰው ያድናል። የሚያድናቸውን መርከበኞች የምድር ዝቃጭ ይላቸውና ጥቁሮችንም ቻይናዎችንም በዝርዝሩ ይጠራል። ታሪኩ ዛሮፍን የሚያሳየን እንደ ጨካኝ ነው። ቢሆንም ክፍል ውስጥ ብቸኛዋ ጥቁር ለሆነች ልጅ ያ ዝርዝር ጮክ ተብሎ ሲነበብ ምን እንደሚሰማት አስቡት። እዚያ ላይ ቆም ብሎ ማውራት ያስፈልጋል፤ ከወላጅ ጋር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ወላጅ ሲባል የሸርሊ ጃክሰን ነገር ትዝ ይለኛል። «ዘ ሎተሪ» ጁን 26 ቀን 1948 በኒውዮርከር መጽሔት ወጣ። ታሪኩ የሚጀምረው ፀሐያማ በሆነ የበጋ ጠዋት ነው። አበባው ፈክቷል፣ ሣሩ ለምልሟል። የአንዲት ትንሽ መንደር ልጆች ድንጋይ ይለቅማሉ። ሰዉ አደባባይ ይሰበሰባል። ቴሲ ሃቺንሰን የምትባል ሴት ዕቃ ስታጥብ ቀኑ ተረስቷት ዘግይታ ትመጣለች፤ ይሳሳቁባታል። ከጥቁር ሳጥን ውስጥ ዕጣ ይወጣል። ነገሩ ሁለት ሰዓት እንኳ ስለማይፈጅ ለምሳ ይደርሳሉ። ልጆቹ ድንጋዩን ለምን እንደለቀሙ አንባቢው የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የቴሲ ትንሹ ልጅ ነው። ዴቪ ይባላል። ሰው በእጁ ጥቂት ጠጠር ያስይዘዋል።

በዚያ በጋ ለጃክሰን ከሦስት መቶ በላይ ደብዳቤ ደረሳት። አብዛኛው ግራ የመጋባትና የስድብ ነበር። የገዛ እናቷ እንኳ እኔም አባትሽም ታሪክሽን ጨርሶ አልወደድነውም ብላ ጻፈችላት። አንዳንዶቹ አንባቢዎች ደግሞ ይህ ሎተሪ የት አገር እንደሚካሄድ፣ ሄደው ማየት ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። እኔን የሚያስደነግጡኝ እነዚህ ናቸው። ልጆቻችን ደግሞ ስለዚህ ብዙ የሚሉት አላቸው። ሰው የሚያደርገውን ሁሉ «ድሮም እንዲህ ነበር» ብሎ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ከሁለት ባህል መሃል ያደገ ልጅ በደንብ ያውቃል። ያንን የሚናገረው ግን ዴቪ ጠጠሩን ሲይዝ ሳይዘጋጅበት የደረሰበት ልጅ ነው።

የጊልማን ታሪክ ለከፍተኛ ክፍሎች ነው፤ እናቶች ብታነቡት ግን ደስ ይለኛል። በ1892 ነው የታተመው። ልጅ ከወለደች ብዙ ያልቆየች ሴት ጭንቀት ይይዛታል። ሐኪም የሆነው ባሏ እረፍት ነው የሚያሽልሽ ብሎ መስኮቱ ፍርግርግ ያለበት ክፍል ውስጥ ያስቀምጣታል። እንዳትጽፍ ይከለክላታል። ተደብቃ ትጽፋለች፤ የምናነበው ያንን ነው። ጊልማን ራሷ ከወለደች በኋላ እንዲህ ዓይነት ሕክምና ታዝዞላት ነበር። ዳግመኛ ብዕር እንዳትነካ ተነግሯታል። አራስ ቤት ከሀገሯ፣ ከእናቷና ከጎረቤቶቿ ርቃ ያሳለፈች እናት ይህን ታሪክ ለማንም መምህር ልታስረዳ ትችላለች።

እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ወላጆች ይህ እኛን አይመለከትም እንዳትሉ። ከእናንተ የምጠይቀው ሃያ ደቂቃ ነው። ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብ። እያንዳንዱን ቃል ባትይዙትም ድምፁን ትከተሉታላችሁ። ሲጨርስ «በል እስቲ በአማርኛ ንገረኝ» በሉት። አማርኛው ቢሰባበርም አታርሙት፤ ብቻ «ከዚያስ?» በሉ። ሰውየው ለምን ወንበሩን እዚያ ላይ እንዳስቀመጠ ለእናቱ ለማስረዳት የሚታገል ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ በአራት ሳጥን የሚፈልገውን ሁሉ በአፉ እየሠራው ነው። በነጋታው ወረቀቱ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም።

አስተባባሪዎችን ደግሞ የምለምነው ይህንን ነው። ከኦክቶበር ጀምሮ በወር አንድ ቅዳሜ ለአንድ ታሪክ ይሰጥ። የመጀመሪያው ሰዓት ንባብ ብቻ ይሁን። ለከባድ ቃላት እየቆምን አናቋርጥ፤ ፖ አስቸጋሪ ቃል ይወዳል፣ ልጁ ግን ፍርሃቱን ለመከተል ሁሉንም ማወቅ የለበትም። ቃላቱን በሁለተኛው ሰዓት እንመለስባቸዋለን። ገንዘብ አይጠይቅም። የፖ፣ የሆቶርን፣ የቢርስና የጊልማን ታሪኮች የባለቤትነት መብታቸው ስላበቃ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ የኮኔልም እንዲሁ። በድምፅ የተቀዱም አሉ። የጃክሰንን ከቤተ መጻሕፍት መዋስ ይቻላል።

እኛ ደግሞ ያለንበት ቦታ የታደለ ነው። ፖ ቦስተን ቢወለድም እናቱ የሞተችበት ሪችመንድ ነው፤ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። እዚያው ያደገው በአሳዳጊዎቹ በአለን ቤተሰብ ቤት ነው። በ1826 ቻርለትስቪል በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ኦክቶበር 7 ቀን 1849፣ በአርባ ዓመቱ፣ ባልቲሞር ሞተ። መቃብሩ ምልክት ሳይደረግበት ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ በ1875 አፅሙ ሐውልት ወዳለበት ቦታ ተዛወረ። ዛሬ ዌስትሚንስተር ግቢ ውስጥ ይገኛል። ወንዶቹ ልጆቻችን ማሊያውን የሚለብሱት የእግር ኳስ ቡድን፣ የባልቲሞር ሬቨንስ፣ እንኳ ስሙን ያገኘው በ1845 ከታተመው የፖ ግጥም፣ ከ«ዘ ሬቨን» ነው። ብዙዎቹ ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም። ከሲልቨር ስፕሪንግ መቃብሩ ድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከሦስትና ከአራት ታሪክ በኋላ በጸደይ አንድ ቅዳሜ ይዘናቸው ብንሄድ፣ የሚያዩት የሚያውቁትን ሰው መቃብር ይሆናል።

ለመጀመሪያው ቅዳሜ «ዘ ቴል-ቴል ሃርት»ን ለሁሉም ልጅ አባዝቼ አመጣለሁ። ማን ከየት እስከ የት እንደሚያነብም ከልጆቹ ጋር እንከፋፈላለን። ከእናንተ የምፈልገው ክፍሉ ለሁለት ሰዓት እንዲፈቀድልንና ለወላጆች ቀደም ብሎ መልእክት እንዲላክ ነው። መምጣት የሚፈልግ ወላጅ ይምጣ፤ ወንበር አለ። በዚያ ቀን የቤት ሥራ ወረቀት ከቦርሳ አይወጣም። የትምህርት ቤት መምህር ጥያቄ ካለውም እኔ ራሴ ደብዳቤ ጽፌ አስረዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቅዳሜ አስጠኚያችሁ፣ ሜሪላንድ